ሁለት ሣጥን

የካቲት ላይ እዚህ፣ ሎፎተን ደሴት፣
ፀሐይ ብቅ ብላ ትመለሳለች ቤት።
እኔ እቆያለሁ ከዓሣው ገበታ፣
ቢላዬን ጨብጬ እስኪመሽ፣ ለማታ፣
ከእግሬ ሥር ሣጥን፤
ያለሱ አልደርስም።
ቁመቴ የቆመው ባሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣
ከዚያ ወዲያ ያደገው ትዕግሥቴ ብቻ ነው።
“ድንቢጧ ቶርዲስ” ይሉኛል ዓሣ አውራጆቹ፤
በፍቅር ነው ይላሉ። ይሁን።

ኮዷን እሰነጥቃለሁ ካንገት እስከ ጭራ፣
ጉበቷ ለባልዲ፣ አንጀቷ ላሞራ፤
እንቁላሏ ለብቻ፦ መንታ ከረጢት፣
ሮዝ፣ ሙሉ፣ ከባድ፣
እንደ አራስ ልጅ ጭን ልስልስ ያለ ጥንድ።
ፎርማናችን ቦርገ በመዳፉ መዝኖ፣
ያችኑ የዓምና ቀልድ አዲስ አስመስሎ፦
“አምስት ሚሊዮን ነው! እዩት፣ በአንድ ሆድ ውስጥ
የኖርዌይ ሕዝብ ሁሉ፣ ንጉሡም ሳይቀር!”
ሁሉም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ፣
ውሃውን ከፍቼ እጄን አጥባለሁ።

በሃያ ሰባቴ፣ ትሮምሶ ሆስፒታል፣
ሐኪሟ ምዬልደ አሳየችኝ ምስል፦
ከታጠበ ወዲያ እንደተደረደረ ጓንት
ክሮሞዞሞቼ፣ ጥንድ በጥንድ፣ በተራ፣
ሃያ ሁለቱ ረድፍ ከነጓደኛው፤
መጨረሻው ላይ ግን አንዲት ኤክስ ለብቻ፣
ከጎኗ ባዶ፣ ነጭ።
“ከሠላሳ ሕዋስ አሥራ ዘጠኙ እንዲህ ነው” አለች፣
“አሥራ አንዱ ሙሉ። ቅይጥ ነሽ፣ ሞዛይክ።”
እንቁላል ነበረሽ፣ አለች፣ እንደማንኛዋም ሴት፣
ገና ሳትወለጂ፣ በእናትሽ ማህፀን፤
ግን ቶሎ ይከስማል፣ ኤክስ ሲጎድል፣
እንደ ሚያዝያ በረዶ፣ ድምፅ ሳያሰማ።
እውነቷን ነው። ደሜ
ባሥራ አምስት መጣ፣ ባሥራ ዘጠኝ ሄደ፣
ደህና ሁኚ ሳይል፣ እንደ እንግዳ ነጎደ።
“በልጅነት ቢታወቅ…” ጀመረች፣ አቆመች፣
“ጥቂቱን አውጥተን ባቀዘቀዝነው ነበር” ብላ ጨረሰች።
የሌላ ሴት እንቁላል? ይቻላል በሕጉ።
ግን ከልቤ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር
ሰፍቷል፣ ሳስቷል፣ ሁለት ነፍስ አይችልም።
ወደ ወደቡ ስሄድ ብርቱካን ገዛሁ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እናቴ በስልክ፦
“ያን ክረምት የዋጥሁት ክኒን ነው” ብላ አለቀሰች፣
ሃያ ሰባት ዓመት የደበቀችውን ጥፋት አወጣች።
አይደለም፣ እማዬ።
ሕዋስ ሲከፈል ነው፣ በመጀመሪያው ሰሞን፣
የቆጡን አወርድ ሲል የጣለው የብብቱን፤
ማንም አልገፋውም።

ዘንድሮ ልጆቹ ከትምህርት ሲወጡ
እንደ ልማዳቸው ምላስ ሊቆርጡ መጡ፤
የኮድ ምላስ እዚህ የልጆች ገንዘብ ነው።
አንዲቷ አዲስ ናት፣ ሲኖቨ፣ ከቫርደ፣
አሥር ዓመቷ ነው፤ ስድስት ትመስላለች።
ማንንም ሳትጠይቅ ሣጥን ጎትታ መጣች፣
ገልብጣ ወጣችበት።
እጇ ከሁሉም ይፈጥናል። እኔ ግን ያየሁት
ክርኗ ወደ ውጪ ዘመም ማለቱን፣
ፀጉሯ ከማጅራቷ ዝቅ ብሎ መብቀሉን፣
አንገቷ ወደ ትከሻዋ እንደ ድንኳን ጥግ መወጠሩን።
መስታወት አየሁና ቢላዬ ቆመ።

ለእናቷ ምን ይባላል? ሰው በሰው ልጅ ገላ
አፉን አይከፍትም እዚህ፤ ነውር ነው።
ደግሞስ ብሳሳትስ? ቁመት ቁመት ነው፣
አጭር ሁሉ እኔ አይደለም።
ካርቶን ቀድጄ የምዬልደን ስልክ ጻፍሁበት፤
አራት ቀን ከኪሴ፣ በአራተኛው ራሰ፣
ቀለሙ ፈሰሰ፣
እንደገና ጻፍሁ።

“ለምን ታዪኛለሽ?” አለች ሲኖቨ፣
የዓሣውን ራስ ከሹሉ ብረት እየሰካች።
“ሣጥንሽ ይንገዳገዳል” አልኋት።
“ያንቺም” አለች።

ውጭ የመኪና መብራት፤ እናቷ መጣች፣
ሞተሩን ሳታጠፋ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።
አንዱን ጓንቴን አወለቅሁ፣
ሌላው እጄ ላይ እንዳለ
ከሣጥኔ ወረድሁ።